በካልሲ የገባሁት ኢንተርቪው

ተቀበሉኝ! ኮርሱን ገባሁ! ዛሬ ከሥራ ስወጣ ኮል አደረጉልኝ፤ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሜ ብቻዬን እልል አልኩ... አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ቦርሳዋን አቅፋ ፈቀቅ አለች።

እሺ፣ አሁን እንዴት ናችሁ? እኔ ደክሞኛል። ደስታው ራሱ ድካሙን አላስረሳኝም። ግን ይሄን ሳልነግራችሁ ብተኛ እንቅልፍ አይወስደኝም።

የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፣ ሬክስዴል ሰፈር አንድ ነርሲንግ ሆም ነው የምሠራው። ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት። ባለፈው ዓመት አንድ አባት ሊያርፉ ሲሉ እጄን ያዙና «ጸልዪልኝ» አሉኝ። ልጆቻቸው ገና መንገድ ላይ ናቸው። እኔ በእንግሊዝኛ ጸሎት የት አውቄ! «አባታችን ሆይ»ን በአማርኛ አልኩላቸው። ስጨርስ «ቀጥዪ» አሉኝ። ምን ልቀጥል? እሱኑ ደገምኩት... እሳቸው አረፉ፤ ያቺ «ቀጥዪ» ግን ከጆሮዬ አልወጣ አለች።

ታዲያ ከታመመና ከሚሞት ሰው ጎን እንዴት እንደሚቀመጡ የሚያስተምር ኮርስ፣ መሃል ከተማ አንድ ሴሚናሪ፣ የቄሶች ትምህርት ቤት ውስጥ እንዳለ ሰማሁ። የአንግሊካኖች ነው፤ አሜሪካ ኤፒስኮፓል የሚሏቸው። የሌላ ቤተ ክርስቲያን ሰውም ይቀበላሉ። ዲግሪ የሌለው ግን ኢንተርቪው ማለፍ አለበት። የኔ ትምህርት ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው።

ለጓደኛዬ ለጥሩነሽ ስነግራት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«በስተርጅና ሃይማኖት ልትቀይሪ ነው?»

«ምን እቀይራለሁ፣ ልማር እንጂ!»

«እዚያ እኮ ሴትም ትቀስሳለች አሉ። የሴት ቄስ መስቀል ልትሳለሚ ነው?»

«እጅ እጨብጣለኋ! ምን ቸገረሽ አንቺ?»

አፌ እንዲህ ይላል እንጂ ሆዴ ፈርቷል።

የኢንተርቪው ቀን ከአዳር ሥራ በቀጥታ ሄድኩ። አውቶቡስ፣ ከዚያ ሰብዌይ ባቡር... ብረቱን ይዤ ቆሜ እያንቀላፋሁ። እግሬ አብጦ ጫማው ውስጥ ትር ትር ይላል። ስደርስ በር ላይ የተቀበለችኝ ልጅ «መጀመሪያ የቀትር ጸሎት አብረን እንጸልያለን፣ ከዚያ ሾርባ እንበላለን፣ ከዚያ ኢንተርቪውሽ» አለችኝ። ደንባቸው ነው። አስተማሪ፣ ተማሪ፣ ጽዳት ሠራተኛ ሳይባል አብሮ ይጸለያል፣ አብሮ ይበላል።

ጸሎት ቤቱ በር ላይ ስደርስ... የለመደ እግር! ጫማዬን አውልቄ ጥግ ላይ አስቀመጥኩና በካልሲ ገባሁ። ሌላ ሰው አውልቋል አላወለቀም ብዬ እንኳን አላየሁም። መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሂተሩ እግሬ ሥር ይሞቃል። መዝሙሩ ቀስ ያለ፣ የሚያባብል... በቃ። ከዚያ ወዲያ አላውቅም።

ስነቃ ቤቱ ጭር ብሏል። ትከሻዬ ላይ የማላውቀው ካፖርት ተጥሏል። ከጎኔ ፀጉራቸው ነጭ የሆነ ሴትዮ፣ አንገታቸው ላይ የቄስ ኮሌታ፣ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል።

«ኢንተርቪው አለብኝ!» ብዬ ተነሣሁ።

«ከኔ ጋር ነው። ጆአን እባላለሁ» አሉኝ።

«ሰዓቱስ?»

«እሱማ አለፈ።»

አለቀልኝ አልኩ። በኀፍረት ወጥቼ ልሄድ በሩ ጋ ስደርስ... ጫማ የለም! ለካ ያ ጥግ ለቤት አልባዎች መጠለያ የሚሰጥ ልብስና ጫማ የሚከመርበት ነው! ቄስ ጆአን እርዳታውን የሚሰበስበውን ግሬግን ጠሩት። ከባንክ ጡረታ ወጥቶ ቅስና የሚማር፣ የደስ ደስ ያለው ሰውዬ ነው። ነገሩን ሲሰማ ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

«በጣም ያለቀ ስለነበር... ማለቴ... ለእርዳታ የመጣ መስሎኝ! ቫኑ ይዞት ሄደ።»

ለእርዳታ! ያን ጫማ ለችግረኛ ብሰጥ እግዜር ራሱ ይታዘበኛል።

ሳቅ ጀመርኩ። ሳቁ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ። አዳር ሠርቶ የሚያውቅ ይሄን ያውቃል፤ ለቅሶው የጫማ አይደለም።

ቄስ ጆአን እስኪወጣልኝ ጠበቁኝና «ለምን አወለቅሽው?» አሉኝ።

«እኛ ጋ እግዚአብሔር ቤት በጫማ አይገባም።»

ጎንበስ ብለው የራሳቸውን ጫማ ፈቱ። አውራ ጣታቸው ካልሲውን ቀዶ ብቅ ብሏል! «በይ ተመልሰን እንቀመጥ» አሉኝ።

ለኢንተርቪው ብላ ልጄ ያስጠናችኝ እንግሊዝኛ በሙሉ ጠፋኝ። ስለዚያ አባት ብቻ ነገርኳቸው። «ቀጥዪ ሲሉኝ የምቀጥለው አጣሁ። ለዚህ ነው የመጣሁት» አልኩ። ከዚያ እኔው ጠየቅኳቸው።

«ግን ለምን አልቀሰቀሱኝም?»

«አንቺ የተኙብሽን ሽማግሌዎች ትቀሰቅሻለሽ?»

«ምግብ ሊቀዘቅዝ ካልሆነ አልቀሰቅስም።»

ከት ብለው ሳቁ። «የኛስ ሾርባ ቀዝቅዟል። ነይ!»

ሁለታችንም በካልሲ ምግብ አዳራሹ ገባን። ሻይ ላይ የቆየው ተማሪ ሁሉ ማንኪያውን ይዞ ቀረ። ግሬግ ከተረፈው እርዳታ ውስጥ የወንድ ቦት ጫማ አምጥቶ ሰጠኝ፤ አንዱ ውስጥ ብቻ ሁለቱም እግሬ ይገባል። እሱን እየጎተትኩ እስከ ቤቴ፣ እስከ ቶርንክሊፍ ገባሁ። ያን ቀን ማንም አለፍሽም ወደቅሽም አላለኝም፤ እኔም ወደቅሁ ብዬ ነበር... እስከ ዛሬዋ ስልክ ድረስ።

በሉ እንግዲህ፣ የፊታችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁላችሁም ቶርንክሊፍ እኔ ቤት ናችሁ፤ ጥሩነሽ፣ አንቺም አትቀሪም! ቄስ ጆአንና ግሬግም ይመጣሉ። ጫማችሁን በር ላይ አውልቃችሁ ግቡ፣ አትስጉ... ግሬግን ዓይኔ አይለቀውም።