ሱጁድ የምትለካው አይጥ

ኮሮና ካምፓላን የዘጋ ጊዜ ባሌ የናካሴሮውን ሱቅ ዕቃ ቡጎሎቢ ወዳለው ቤታችን አመጣው። ሳሎኑ የምስርና የሽሮ ጆንያ ሆነ፤ ከጆንያው ጋር አንዲት አይጥ ገባች። መርዝ ልግዛ ስለው፣ "ተያት፣ ሪዝቋን፣ የዕለት ጉርሷን ነው የምትፈልገው" ይለኛል። ኩሷን የምጠርገው እኔ ነኛ!

መስጊድ ስለተዘጋ ሶላታችን ቤት ነበር። ጆንያው ለአንድ ሰው ምንጣፍ ብቻ ቦታ ስለተወልን በየተራ ነው የምንሰግደው። እሱ ሲሰግድ እኔ ሶፋው ላይ ሆኜ አይጧን ታዘብኳት። ለሱጁድ ግንባሩን መሬት ሲያስነካ ከፍሪጅ ሥር ትወጣለች፤ ከተቀደደው ጆንያ ምስር ትለቅማለች። መጀመሪያ ሰሞን መንገድ ላይ እያለች ቀና ይልባትና ደንብራ ትፈተለካለች። እየዋለ ሲያድር ግን ቀና ሊል ትንሽ ሲቀረው እሷ ገብታለች። ድምፅ ሰምታ እንዳልል፣ "አላሁ አክበር" ከማለቱ በፊት ነው የምትመለሰው። ባሌ ሁሉ ነገሩ ልክ አለው፤ ሱጁዱም አይረዝም፣ አያጥርም። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ልገምተው ሞከርኩ፤ አንዴ ቸኩዬ፣ አንዴ ዘግይቼ እገልጣለሁ። ያቺን በምታክል ፍጥረት ውስጥ ጊዜ የት እንደሚቀመጥ ዛሬም አይገባኝም።

"ሶላትህን ካንተ በላይ ታውቀዋለች" ስለው ይስቅ ነበር።

በዚያው ሰሞን እናቱ ወሎ ውስጥ አረፉ። ኤርፖርት ዝግ ነው። ስልኩን ዘጋና "ኢና ሊላሂ" ብሎ ለጎረቤት ምስር መመዘኑን ቀጠለ። አላለቀሰም። ለቅሶ የሚደርስ ሰው በሌለበት ኀዘን በምን ይወጣል? ፈራሁለት። ባናግረው ባናግረው "ደህና ነኝ" ብሎ ወደ ሚዛኑ ይመለሳል። ደህና አለመሆኑን አውቃለሁ፤ የማደርገው ግን ጠፋኝ።

አንድ ቀን የቀትሩን ሶላት፣ ዙሁርን ሲሰግድ ሱጁድ ወረደ። አይጧ ወጣች፣ ለቀመች፣ ገባች። እሱ ቀና አላለም። ጥቂት ቆይታ አፍንጫዋን ብቅ አደረገች፤ ከዚያ እንደገና ወጥታ ወለሉ መሃል ግራ እንደገባት ቆመች። ያኔ ነው ሱጁዱ እንደረዘመ ያስተዋልኩት። ሞተብኝ ብዬ ልነሳ ስል ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

አሰላምቶ ሶላቱን ሲጨርስ ከምንጣፉ አልተነሳም። ሄጄ አጠገቡ ቁጭ አልኩ።

"ልጅ ሆኜ እናቴ ሱጁድ ስትወርድ ጀርባዋ ላይ እወጣባት ነበር" አለኝ እንባው እየወረደ። "እስክወርድላት ቀና አትልም። እኔ ግን ልቀብራት እንኳ አልሄድኩላትም።"