ያለፈኝ ጽዋ

አምሳለች እባላለሁ። ሞጣ ውስጥ ሸክላ ሠሪ ነኝ፤ እናቴም ሸክላ ሠሪ ነበረች። አራት ዓመት ሙሉ ቤተ ክርስቲያን አልሳምሁም። «ሃይማኖቷን ለውጣለች» ብለው ያወሩብኝ ነበር። ምላሳቸው ይቆረጥ! እኔ ማርያምን አልተጣላኋትም፤ የተጣላሁት ከባንቺዓለም ጋር ነው።

ባንቺዓለም የሴቶች ማኅበራችን መሪ ናት። በየወሩ በሃያ አንድ፣ በማርያም ቀን፣ በአንዳችን ቤት ተሰብስበን ጠላ እንጠጣለን፣ ዳቦ እንቆርሳለን፤ ሲያበቃ የሚቀጥለው ወር ባለተራ ጽዋውን ትረከባለች። ተራዬ ደርሶ ነጠላዬን አደግድጌ ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ባንቺዓለም በእጄ ላይ አሳልፋ አጠገቤ ላለችው ለሰብለ ወንጌል ሰጠቻት። «የሸክላ ሠሪ ጠላ ሆድ ይቆርጣል» አለች፤ ቡዳ ነሽ ማለቷ ነው። ያን ጊዜ የሚጠጡት ጠላ እኮ እኔ ከሠራሁት ጋን የተቀዳ ነው! ሴቶቹ ጠላቸውን መጠጣት ቀጠሉ። የዚያን ጊዜው ቄሳችንም መሬት መሬት አዩ። ወጣሁ፤ በዚያው ቀረሁ።

ከዚያ ወዲያ ደጄን የሚረግጠው ሁሉ ሊያስፈራራኝ ነው የሚመጣው። «ስትሞቺ ማን ይፈታሻል?» ይሉኛል። የማኅበሩ ጋን ሲሰነጠቅ ግን ሥሪልን ብለው ላኩብኝ። «ሆድ ይቆርጣል በሏት!» አልሁ። በፕላስቲክ በርሜል ጠመቁና ጠላው ፕላስቲክ ፕላስቲክ ሸተተ አሉ። እሰይ! የዚያን ቀን ምሳዬ ጣፈጠኝ።

ዘንድሮ ከቢቸና አዲስ ቄስ መጡልን፣ ቄስ ሀብተ ሥላሴ ይባላሉ። ቤቴ ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡና «ልጄ፣ ምን አድርገንሽ ነው የቀረሽው?» አሉኝ። በአራት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀኝ የለም! እያለቀስሁ ሁሉንም ነገርኋቸው። ጠላ ቅጂልኝ ብለው እስከ አተላው ጨለጡት።

«የእርስዎ መጠጣት አይበቃኝም አባቴ» አልኋቸው። «እሷ ትጠጣ።»

በቀጣዩ ማኅበር ተነሥተው «ጥፋቱ የእኛ ነው። ጽዋው አምሳለች ቤት ይግባ፤ የማትመጣ የንስሐ ልጄ አይደለችም» አሏቸው። በወሩ ቤቴ መጡ። ባንቺዓለም ከሁሉም ኋላ ገባች። ዋንጫዋን እኔው ራሴ ሞላሁላት። ፉት አለች። «ጨርሽው!» አልኋት። ጨረሰች። ደግሜ ሞላሁላት፤ ሦስተኛም ሞላሁላት። ማንም ቀና አላለም። «በቃ ልጄ» አሉ ቄሱ። እኔን ግን ገና አልበቃኝም።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ አስቀድሳለሁ። ቄስ ሀብተ ሥላሴ «ይቅር ብለሻታል?» ይሉኛል። «ገና ነኝ» እላቸዋለሁ። «እንግዲያው ቁርባኑ ይቆይሽ፤ ቅዳሴው ግን አይቅርብሽ» ይሉኛል። ደግ ሰው ናቸው። እኔ ግን ሆን ብዬ ከባንቺዓለም ጎን እቆማለሁ። ዲያቆኑ «እርስ በርሳችሁ እጅ ተነሣሡ» ሲል፣ ሴቱ ሁሉ እያያት ወደ እኔ ዞራ አጎንብሳ እጅ ትነሣኛለች። እኔ ቀጥ ብዬ ቆሜ አያታለሁ። አንድ ቀን እኔም አጎነብስላት ይሆናል። እስከዚያው እሷ ታጎንብስ።