ሁለት ጊዜ የነካሁት ሽቦ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም፤ ሁለት ጊዜ ፊታቸው ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ኃጢአት ዘርዝሬ ይህን ዘልዬ ተነሥቻለሁ። አሁን የምጽፈው ድፍረት አግኝቼ አይደለም። አንዲት ትልቅ ሴት እውነቱን ተናግረው «ጃጅተዋል» ስለተባሉ ነው። እሳቸው እውነቱን እንደተናገሩ የማውቀው ሰው እኔ ብቻ ነኝ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ከዚያ ወዲህ እጄ መፍቻ እንጂ እስክሪብቶ አልያዘም። ቃሉ ከተደነቃቀፈብኝ ታገሡኝ።

ወንድሜ ደምሴ ሹፌር ነበር። ከደብረ ብርሃን አንኮበር የሚሠራ የሰው ሚኒባስ ይነዳል። በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ከሞተ በኋላ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ጋራዥ ያስገባኝም እሱ ነው። እኔ ጋሼ እለዋለሁ። እሱ ሃያ አንድ ዓመት ሞልቶኝም ማሙሽ ይለኝ ነበር።

የመጨረሻው ደህና ቀን ዓርብ ነው። ሚኒባሱ ከረቡዕ ጀምሮ እኛ ጋራዥ ነበር። ሞተሩ ማንኳኳት ጀምሮ ስለነበር ተከፈተ፤ ዘንጉ የሚዞርበት ብሮንዚና ተበልቶ ተገኘ፣ ተቀየረ። የሚቀረው ከሥር ዘይቱን የሚይዘውን ኮፓ ሲሊኮን በሚባለው ማጣበቂያ ጠርዙን ቀብቶ መልሶ መዝጋት ነበር። አለቃችን ጋሽ ንጉሤ ለቅሶ ደርሶበት አረርቲ ሊሄድ ሲነሣ «ይሄን አንተ ዝጋው» አለኝ። ብቻዬን እንድዘጋ የተሰጠኝ የመጀመሪያው ሞተር የወንድሜ ሞተር ሆነ። ጋሽ ንጉሤ በሩ ላይ ቆሞ ደግሞ ተናገረ፤ «ሲሊኮኑን በስሱ ቀባ። ከበዛ ወደ ውስጥ ይገባል።» ሰምቼዋለሁ። አልሰማሁም ማለት አልችልም።

ግን ከዚያ በፊት ከአንድ ሰው ጋር የዘጋሁት ኮፓ አፍስሶብኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሥራ ባልደረቦቼ ፏፏቴ አሉኝ። ጠዋት ስገባ «ፏፏቴው መጣ፣ ባልዲ አምጡ!» ይላሉ። አብሬያቸው እስቃለሁ። ውስጤ ግን ይቃጠላል። ስለዚህ ሲሊኮኑን በስሱ አልቀባሁም። ዳቦ ላይ ማርማላታ እንደሚጭን ልጅ አድርጌ ጫንኩት። ኮፓውን ገጥሜ ሳጠብቀው በውጭ በኩል ተርፎ ወጣ። የወጣውን ጠረግኩ። በውጭ ያን ያህል ከወጣ በውስጥስ ምን ያህል ገብቷል? ይህን ያኔ አልጠየቅኩም። ለመጠየቅ ግን ዕውቀቱ ነበረኝ።

ደምሴ ምሳ ሰዓት ላይ መጣ። ሞተሩ ተነሥቷል፣ ደህና ይዞራል። ካርቶን አነጠፈና ጀርባው ላይ ተንጋልሎ ከሥር ገባ። ቆየ። ከዚያ እግሩን እያወራጨ ጮኸ።

«ኑ እዩ! እናንተ፣ ኑ እዩ እንጂ! ጠብ አላለም! ከዛሬ ጀምሮ ወንድሜን ፏፏቴ የሚል ከኔ ጋር ነው ጠቡ!»

«ዘይት መጨመሩን ረስቶ እንዳይሆን!» አለ አንዱ።

ሁሉም ሳቁ። ደምሴም ካርቶኑ ላይ እንደተኛ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሲነሣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እሑድ የሴት ልጁ ክርስትና ነበር። ቅዳሜ ማለዳ ተነሥቶ ከአንኮበር ቁልቁል ቆላው ድረስ ወርዶ የሚስቱን እናት እትዬ የሺን ሊያመጣ ነው። «እናቷ ካልመጡ ሚስቴ እኔንም አታስገባኝ» እያለ በግ ሊያይ ሄደ።

እሱ ከሄደ በኋላ ሞተሩ ሞቀ። ያኔ መሪው ፊት ያለችው ቀይዋ የዘይት መብራት በራች። መጀመሪያ ብልጭ ድርግም አለች፤ ከዚያ ቀጥ ብላ በራች።

ጋሽ ንጉሤ ያስተማረኝን ሁሉ በተራ አደረግኩ። የዘይቱን ልክ አየሁ፤ ሙሉ ነው። ፊልትሮውን ቀየርኩ። ያው ነው። መብራቷን የሚያበራውን ሴንሰር ፈትቼ በቦታው የግፊት መለኪያ ጌጁን አሠርኩ። ሞተሩ ሲነሣ መርፌው ጥሩ ወጣ። ትንሽ ቆየና መውረድ ጀመረ። ወረደ፣ ወረደ፣ ዜሮ አጠገብ ተኛ። አጠፋሁት። ጠብቄ አስነሣሁት። ወጣ። እንደገና ወረደ። መብራቷ አልዋሸችም ማለት ነው፤ ዘይቱ ሞተሩ ውስጥ እየተዳረሰ አይደለም።

ትንሽ ዘይት በዕቃ ቀዳሁና በጣቴ ዳሰስኩት። ጥቁር፣ ለስላሳ፣ ትል የምታህል ነገር ጣቴ ላይ ቀረች። ሳብ አደረግኳት፤ ተለጠጠች። ሲሊኮን ናት። የኔ ሲሊኮን። ዘይቱን የሚስበው ፓምፕ አፉ ላይ ወንፊት አለው። ሞተሩ ሲዞር ቁርጥራጩ ተስቦ ወንፊቱ ላይ ይለጠፋል፤ ሲጠፋ ይወርዳል። ለዚህ ነው ሲነሣ ደህና የሚመስለው። ምን እንደሆነ አወቅኩ። ገመትኩ አላልኩም፤ አወቅኩ።

መደረግ የነበረበትም ግልጽ ነው። ኮፓውን መልሶ ማውረድ፣ ወንፊቱን ማጠብ፣ በስሱ ቀብቶ መዝጋት። እስከ ነገ ምሳ ሰዓት ይፈጃል። «ጋሼ፣ አበላሽቻለሁ፣ በሌላ መኪና ሂድ» ብለው ይሄድ ነበር። ይስቅብኝ ይሆናል። ከዚያ በላይ ምን ይለኝ ነበር?

ለብዙ ጊዜ ለራሴ «ክርስትናው እንዳይስተጓጎል ብዬ ነው» ስል ኖሬያለሁ። ውሸት ነው። ስለ ክርስትናው አላሰብኩም። ያሰብኩት ኮፓውን ስፈታ ስለሚያዩኝ ሰዎች ነው። ስለ ባልዲው ነው ያሰብኩት። ለጋሽ ንጉሤ ልደውል ስልኬን አወጣሁ፤ መልሼ ኪሴ ከተትኩት።

ሴንሰሩን ቦታው መለስኩ። ሽቦዋን ግን አልመለስኩም። በሁለት ጣት የምትወጣ አንዲት ሽቦ ናት። ጫፏን በፕላስተር ጠቅልዬ ወደ ጎን አሠርኳት። መብራቷ ጠፋች። በጋራዥ እንዲህ ይደረጋል፤ መብራት ሲያስቸግር ሹፌሩ ራሱ «ለጊዜው ንቀልልኝ» ይላል። ልዩነቱ እኔ መብራቷ እውነቷን እንደሆነ ማወቄ ነው።

አመሻሹ ላይ ደምሴ መጣና ቁልፉን ከፈተ።

«ይቺ ቀይዋ መብራት ቁልፍ ሲከፈት ትበራ አልነበር እንዴ?»

«ሴንሰሯ ናት ጋሼ። ዝም ብላ እየበራች እንዳታበሳጭህ ብዬ ነው። ሰኞ እቀይርልሃለሁ።»

አየኝ። ፊቴን አየ።

«አንተ ካልክ» አለ።

ከዚህ በላይ አልመረመረም። ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ።

ቅዳሜ የሆነውን የነገሩኝ እትዬ የሺ ናቸው። ፊት ወንበር ላይ፣ ከደምሴ አጠገብ ነበሩ። ከቆላው ሰው ጭኖ ሲወጣ፣ አንኮበር ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ሞተሩ ጓ ብሎ ጮኸና ደርቆ ቆመ። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ጉሙ ወርዶ መንገዱን ሸፍኖታል። ቦታው ኩርባ ነው። ደምሴ ፍሬኑን ይዞ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ አስደግፎ፣ ሰዉን ሁሉ አስወርዶ ከመንገዱ በላይ ወዳለው ዳገት አወጣ። እትዬ የሺን አዝሎ አወጣቸው። ከዚያ ከኋላ የሚመጣ መኪና እንዳይገጫቸው ቅጠል እየሰበረ፣ ድንጋይ እየተሸከመ ቁልቁል መንገዱ ላይ ይደረድር ጀመር። መኪና የተበላሸበት ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። አንድ ቦታ አስቀመጠ፣ ሁለተኛ አስቀመጠ። ሦስተኛውን ጎንበስ ብሎ ሲያስቀምጥ ከታች አይሱዙ መጣ። የአይሱዙው ሹፌር ቅጠሉን ያየው ከደረሰበት በኋላ ነው።

ወንድሜ እዚያው ሞተ።

ሠልስት ዕለት እትዬ የሺ እጄን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አዝሎኝ ሲወጣ ምን አለኝ መሰለህ ልጄ። ‹መብራቷ ብትበራ እኮ ገና ታች እቆም ነበር› አለኝ። ደግሞ፣ ‹ለማሙሽ እንዳይነግሩት፣ የመጀመሪያ ሥራው ነው፣ ያዝናል› አለኝ» አሉኝ።

እኔ አለቀስኩ። እሳቸውም ልቅሶዬን አይተው አቀፉኝ። እንድታቀፍ ፈቀድኩ።

ከዚያ በፊት፣ ሰኞ፣ ትራፊክ ፖሊሱ መኪናውን ሊያይ ጋራዥ መጥቶ ነበር። ቁልፉን ሲከፍት ቀይዋ መብራት ቁልጭ ብላ በራች። «መብራቱ ደህና ነው» አለ፤ «እያየው ነድቷል።» ጻፈ። ሞተሩን የከፈተ የለም፤ መልሱ ተገኝቷላ። የመኪናው ባለቤት እንዳለ አስጭኖ ወሰደው። እትዬ የሺ ግን ለመጣው ለቀስተኛ ሁሉ «አልበራም! አጠገቡ ነበርኩ፣ ዓይኔ እያየ አልበራም!» ይሉ ነበር። «እማማ፣ ደንግጠው ነው» አሏቸው። ቆይቶ «ጃጅተዋል» አሏቸው። የገዛ ልጃቸው፣ የወንድሜ ሚስት፣ «እባክሽ እማዬ፣ ተይኝ» ብላ ቆጣቻቸው። አሁን ስለዚያ ቀን አይናገሩም። ስለ ሌላውም ብዙ አይናገሩም። እናቴ ደግሞ ከምግብ ፊት ተቀምጣ ድንገት «ምናለ ቢያቆም? ምናለ መብራቱን ቢያይ ልጄ?» ትላለች። ልጅቱም አባትሽ ግዴለሽ ነበር እየተባለች ልታድግ ነው።

መብራቷ ሰኞ እንዴት በራች? ዓርብ ሽቦዋን ነቅዬ አልነበር? ይህን እስከ መጨረሻ ያቆየሁት ከሁሉ የሚያሳፍረኝ እሱ ስለሆነ ነው። ሽቦ መንቀሌን ፍርሃት ልትሉት ትችላላችሁ። ይሄኛውን ምን ትሉታላችሁ?

ይቅርታ የምለምነው እናንተን አይደለም። ይህ ወረቀት ሲያልቅ ወደ እትዬ የሺ ይዤው እሄዳለሁ፤ ልጃቸውንና እናቴን አስቀምጬ አነብላቸዋለሁ። ከዚያ ወደ ትራፊኩ። ይቅር ካላሉኝም አልከፋም። ወንድሜ ለኔ ያዘነልኝ ምን እንዳደረግኩ ሳያውቅ ነው፤ ስለዚህ የሱንም ይቅርታ እንደ ተቀበልኩት አልቆጥረውም።

ያን ያደረግኩት እሑድ ማለዳ፣ ከቀብሩ በፊት ነው። ሚኒባሱ ቅዳሜ አመሻሽ ተጎትቶ ጋራዡ ግቢ ቆሟል። ቤታችን ድንኳን ተተክሏል። ለክርስትናው የተጠነሰሰው ጠላ ለለቅሶው እየተቀዳ ነው። እናቴን «ከዕድር ወንበር ላምጣ» ብያት ወጣሁ። ብርዱ ያን ቀን አጥንት ይሰብር ነበር። የጋራዡ ዘበኛ ሲያየኝ ፊቱን በፎጣው ሸፈነ፤ «መጥተህ ልታየው ነው? እይ ልጄ፣ እይና ይውጣልህ» ብሎ በሩን ከፈተልኝና ብቻዬን ተወኝ።

ዓርብ ደምሴ የተኛበት ካርቶን ግድግዳው ሥር ነበር። አመጣሁት፣ አነጠፍኩት፣ ተኛሁበት። አንድ ጠብታ ዘይት የለበትም። ከሥር ገባሁ። ፕላስተሩን ላጥኩ። ሽቦዋን በሁለት ጣት ይዤ ሴንሰሩ ላይ ገፋኋት። ጠቅ አለች።

ወጣሁ። በእሱ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ጋቢው ከወንበሩ ጀርባ ላይ እንደተጣለ ነበር። ቁልፉ እዚያው ነው። ጋሽ ንጉሤ «ሥራህን ሳታይ አትነሣ» ብሎ አስተምሮኛል። ስለዚህ ሥራዬን አየሁ። ቁልፉን ከፈትኩ፤ ቀይዋ መብራት በራች።

ቁልፉን ዘጋሁ። በርሜሉ ላይ የረጋውን በረዶ ሰብሬ እጄን በኦሞ ታጠብኩ። የጥፍሬ ሥር አልለቀቀም። ከዕድር ሁለት አግዳሚ ወንበር ተሸክሜ ወደ ቤት ተመለስኩ፣ የወንድሜን ሣጥን በፊት በኩል ያዝኩ።