በተልባ ዘይት የቀባሁት ባሕር

ከእኔ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው ጋሼ የምላቸው ኤርትራዊ ይኖሩ ነበር። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በስደት አገራችን፣ ኤደን ፕሬሪ በምትባል ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ አብረን ሠርተናል። በወጣትነታቸው ምጽዋ ወደብ ላይ ጭነት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ከዚያ ዘመን የቀራቸው ሳሎናቸው ውስጥ የሰቀሉት የወደቡ የታተመ ሥዕል ብቻ ነው፤ ሦስት መርከቦች፣ አንድ ክሬን፣ ከኋላ ነጫጭ ቤቶች። ሁለቱም ሴት ልጆቻቸው ይፈልጉታል። ትልቋ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ቤት ስትገዛ ነገሩ ከረረ።

«አንተ ልጅ፣ ሥዕል ትሞካክራለህ አሉ» አሉኝ አንድ ቀን። «ወደ አዲሱ ቤት ሙቭ ስናደርግ ልጆቼ ሳይጣሉብኝ ይህን ሁለት አድርግልኝ።»

የዘይት ቀለም ነክቼ አላውቅም ነበር። ይህን አልነገርኳቸውም። ሥዕሉን ተቀብዬ፣ ከቤተ መጻሕፍት አንድ መጽሐፍ ተዋስኩ። ሥዕሉ የተሸፈነበት መስታወት ላይ ክር ወጥሬ በአራት ማዕዘን ከፋፈልኩት፣ ሸራውንም በዚያው ልክ በእርሳስ አሰመርኩ። የመርከቦቹን ገመዶች ቆጥሬ ገለበጥኩ፤ አንዲት አላጎደልኩም። መጽሐፉ ቀለም ለማቅጠን ሊንሲድ የሚባል ዘይት ያዛል። መዝገበ ቃላት ስገልጥ «ተልባ» ይላል። ለተልባማ አስተማሪ አያሻኝም አልኩና፣ ስኔሊንግ አቨኒው አጠገብ ካለ የጤና ምግብ መደብር፣ ከማቀዝቀዣው ውስጥ አንድ ጠርሙስ የተልባ ዘይት ገዛሁ።

መርከቦቹን ከቱቦ በወጣው ቀለም ብቻ ሠራኋቸው። ባሕሩ ግን ስስ መሆን ስላለበት ተልባውን አልሰሰትኩለትም። በሦስት ሳምንት መርከቦቹ ደረቁ፤ ባሕሩ ዛሬ የተቀባ ይመስላል። ሂተሩ አጠገብ አቆምኩት፤ ለውጥ የለም። ሥዕሎቹ ለልጆቹ የሚሰጡበት የትልቋ ቤት ምርቃት አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል። እኔ ካልደረስኩ አንዷ ልጅ ባዶ እጇን ልትቀር ነው።

ጠርሙሱን ይዤ ቀለም መሸጫ ሄድኩ። ሻጯ ጽሑፉን አንብባ፣ «ይህ እኮ ለሰላጣ ነው» አለችኝ። እንዳይበላሽ የጨመሩበት ነገር እንዳይደርቅም እንደሚያደርገው አስረዳችኝና የሥዕሉን ዘይት ሰጠችኝ። «የደረቀውን አትንካ፤ ያልደረቀውን ጥረገው» አለች።

በማግስቱ ጠዋት ባሕሩን በጨርቅና ቀለም በሚያሟሟው አኳራጅ ጠረግሁ። መርከቦቹ ባዶ ሸራ ላይ ቆመው ቀሩ። በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳ፤ ጋሼ ናቸው። ሸራውን የምሸፍንበት ጊዜ አልነበረኝም።

«ባሕሩስ?» አሉ።

«ጠረግሁት፣ ጋሼ።» ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ ተልባውንም፣ የዘይት ቀለም አዲስ መሆኔንም። ሥዕላቸውን አንሥተው የሚሄዱ መስሎኝ ነበር።

ጠርሙሱን ከፍተው አሸተቱት። «ተልባ ሆድ ያለሰልሳል እንጂ መርከብ ያንሳፍፋል ያለህ ማነው?» አሉና ካፖርታቸውን አውልቀው ተቀመጡ። «በል ቅባ። ያ የታተመው ውኃም ቢሆን ትክክል አይደለም። የወደቡ ግንብ ሥር አረንጓዴ ነው፤ ሰማያዊ የሚሆነው ራቅ ሲል ነው።»

«ግልባጭ መሆን አለበት እኮ፣ ጋሼ።»

«ውኃውን የማውቀው እኔ ነኝ።»

አረንጓዴ ነካ አደረግሁበት። «ጨምር» አሉ። ጨመርኩ። «በቃ፣ በቃ፣ ጎመን አደረግከው።» በስሱ ጠረግ አድርጌ ደገምኩት። እስከ ምሳ ሰዓት እንዲህ ስንባባል ቆየን።

በዘጠነኛው ቀን ባሕሩን በጣቴ ነካሁት፤ ጣቴ ንጹሕ ሆነ። በምርቃቱ ዕለት ጋሼ ሁለቱን ሥዕሎች አዲሱ ቤት ሳሎን ውስጥ ጎን ለጎን አቆሟቸው። ትልቋ የእኔን ጎንበስ ብላ ብዙ አየችው። «አባ የሚያወራልን ውኃ ይህ ነው» አለችና አነሣችው። ታናሿ በእንግሊዝኛ፣ እሷ ያደገችው ያኛውን እያየች እንደሆነ ተናግራ የታተመውን ደረቷ ላይ አቀፈች። የተከራከረ ሰው አልነበረም። እኔ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ነበር፤ ሳህን አንሥቼ ወደ ምግቡ ሄድኩ።