አቤት የማይለው ፕሮግራሜ

ዛሬ የኔታ የሠራሁትን የኮምፒውተር ፕሮግራም ስድ አደግ አሉት። ልክ ናቸው።

የኔታ ከአሸተን ተራራ በእግራቸው ወርደው ላሊበላ ያለችው ቢሮዬ የመጡት፣ ያነሳሁትን የብራናዎቻቸውን ፎቶ ለማየት ነበር። ከወደዱት የቀሩትንም እንዳነሳ ይፈቅዱልኛል፤ ካልወደዱት ሥራው እዚያው ያበቃል።

ሁለት ፕሮግራሞች አሉኝ። አንዱ የብራናዎቹን ዝርዝር ይይዛል፤ ሌላው፣ እኔ የሠራሁት፣ ፎቶውን ያሳያል። አንድ ስም ስነካ ዝርዝሩ "ይህን ክፈት" ብሎ የኔውን ያዘዋል።

ነካሁ። ጸጥ አለ። ከዚያ ያው አንድ ገጽ ሦስት ጊዜ ተደራርቦ መጣ።

አፈርኩ። "የኔታ፣ ፎቶው ከባድ ስለሆነ ለመክፈት ይዘገያል። ዝርዝሩ ደግሞ ያልሰማው እየመሰለው ደጋግሞ ያዘዋል" አልኳቸው።

"ታዲያ ሲጠሩት አቤት አይልም እንዴ? ምን ዓይነት ስድ አደግ ነው!"

ሳምንቱን ሙሉ እንዲፈጥን ስታገል ሰንብቻለሁ፤ አቤት እንዲል ግን አስቤ አላውቅም።

እዚያው ቁጭ ብዬ፣ ትእዛዝ ሲደርሰው መጀመሪያ "ሰምቻለሁ" ብሎ እንዲመልስ፣ ከዚያ ወደ ሥራው እንዲሄድ አደረግሁት። (ወዬ አላስባልኩትም፤ ዝርዝሩ ታላቁ ነው።)

እንደገና ነካሁ። ዝርዝሩ መልሱን ሰምቶ አርፎ ጠበቀ፤ አንድ ገጽ ብቻ ወጣ። የኔታ ጎንበስ ብለው አዩና "አሁን ሰው ሆነ፤ የቀሩትንም አንሺ" አሉኝ።

እናንተስ፣ ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ሰው ያቃናላችሁ ሥራ አለ? ጻፉልኝና ቆይቼ አነባለሁ።

ይህን ስጽፍ እናቴ ከጓዳ ስትጠራኝ ሦስተኛዋ ነው፤ ሄጄ አቤት ልበል።