ጥሩንባ ያስቀረ እድር

እድራችን ሞትን በጽሑፍ መንገር ሲጀምር የያዘኝ ንዴት እስከ ዛሬ አልበረደልኝም። እንዲበርድልኝም አልፈልግም። «ተወው፣ ደም ብዛት ይይዝሃል» ይሉኛል። ደም ብዛቱ ከያዘኝ ቆይቷል፤ የሚጨምርብኝ ነገር የለም።

የምኖረው ከፒያሳ ወረድ ብሎ፣ ውቤ በረሃ ጥግ ላይ ካለ አሮጌ ግቢ ውስጥ ነው። ሰፈሩ ሲፈርስ ግማሹ ሰው ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሰውና ሄደ፤ የእኛ ረድፍ እስካሁን ቆሟል። ሰው ሲበተን እድሩ አልተበተነም። ይኼ የሚያስመሰግን ነው፣ አልክድም። ችግር የሆነው ጥሩንባው ነው። ድሮ ሰው ሲሞት ጥሩንባ ነፊያችን በማለዳ በየመንደሩ እየዞረ ይነፋና ማን እንደ ሞተ፣ ቀብሩ የትና መቼ እንደሆነ ይለፍፍ ነበር። የሰማ ይነሣል፣ ያልሰማ ከጎረቤቱ ይሰማል። አሁን ግን ግማሹ አባል ጥሩንባ ቀርቶ መድፍ ቢተኮስ የማይሰማበት አገር ገብቷል። ስለዚህ ኮሚቴው ጥሩንባውን አስቀርቶ ሞት በስልክ መልእክት እንዲነገር ወሰነ። ጸሐፊው ቢሮ የሚሠራ ጎልማሳ ነው፤ ከወንበሩ ሳይነሣ ስልኳን አንዴ ሲጫናት ለሁሉም ይደርሳል። ጥሩንባ ነፊውን ጋቢ አልብሰው ሸኙት።

ግድግዳ የምንጋራቸው አሮጊት አሉ። እማማ ነው የምላቸው፤ ሰፈሩም እንዲሁ ነው የሚላቸው። ፊደል አያውቁም። ወጣትነታቸውን ከአንዲት ጓደኛቸው ጋር እዚሁ ውቤ በረሃ በአንድ ጠጅ ቤት ሲቀዱ አሳልፈው፣ አብረው አርጅተው፣ ሰፈሩ ሲፈርስ ነው የተለያዩት። ጓደኛቸው ኮንዶሚኒየም ከወጡ በኋላ በየበዓሉ ነበር የሚገናኙት።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ እማማ በራፌ ላይ ቆመዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ በእጃቸው ያችን ባለ ቁልፍ ስልካቸውን ይዘዋል።

«እስቲ ይቺን አንብብልኝ» አሉኝ።

«ምን አሉ እማማ?»

«ገበያ ያገኘኋት ሴትዮ የማይሆን ነገር አወራችኝ። ውሸቷን ነው በለኝ።»

ስልኩን ተቀበልኩ። ያልተከፈቱ መልእክቶች ተቆልለዋል። ጥቅል ግዙ ይላል አንዱ። ሽልማት ሊያመልጥዎ ነው ይላል ሌላው። በሁለቱ መሀል የጓደኛቸው ሞት ተቀምጧል፤ ስማቸው፣ የሚቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን፣ ሰዓቱ፣ ከታች «እድሩ» የሚል። ሣልስቱ እንኳን አልፏል።

«ያን ቀን ሲንጫጫ ዋለ» አሉ እማማ። «ያው ግዙ ግዙ የሚሉት ናቸው ብዬ ትራስ ሥር ከተትኩት።»

አነበብኩላቸው። ምን ላድርግ? አላለቀሱም። «እርሜን ሳላወጣ» ብቻ አሉና ገቡ። በዚያ ላይ እድሩ ቀሪ ብሎ መዘገባቸው። የራሳቸውን ጓደኛ ቀብር ቀሪ!

እኔ ፊደል የቆጠርኩት አርባን ካለፍኩ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። ከዚያ በፊት ሰው ወረቀት ሲሰጠኝ «መነፅሬን ረስቼ» እል ነበር፤ መነፅር ኖሮኝ አያውቅም። ስለዚህ እማማ ያን ስልክ ትራስ ሥር ሲከቱ ምን እንደ ተሰማቸው የሚነግረኝ ሰው አያስፈልገኝም። ተንጫጭቶ የሚጠራህ ነገር እጅህ ላይ ሆኖ ምን እንደሚልህ አለማወቅ፣ ሰው ፊትህ ቆሞ ሲስቅብህ እንደ ማየት ነው።

በወሩ ስብሰባ ላይ ተነሣሁ። ጸሐፊው ከፊት ተቀምጧል፤ ሊቀመንበሩ፣ ጡረታ የወጡ ነጋዴ፣ ከጎኑ።

«ማንበብ የማይችል አባል አለ» አልኩ። «መልእክቱን ስትልክ ለእሱ ደውለህ በአፍህ ንገረው።»

«ጋሼ» አለ ጸሐፊው በትሕትና፤ ትሕትናው ነው ይበልጥ የሚያበግነኝ። «እርስዎ ቤትዎ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሲፈቱ ሲገጥሙ የሚያመሹ ሰው ነዎት። ቴክኖሎጂን እንዴት ይቃወማሉ?»

ሰው ሳቀ። አንዱ ከኋላ «ሽቦ ነው እንጂ የሚወደው ቴክኖሎጂ መች ይወዳል!» አለ። አራዳ ነን ባዮች ናቸው፤ ቀልድ ካገኙ ሬሳም ያስቆማሉ።

«እሺ፣ ለማን እንደሚደወል እንወቅ» አሉ ሊቀመንበሩ። «ማንበብ የማይችል እጁን ያውጣ።»

ዞሬ አየሁ። እዚያ ቤት ውስጥ ፊደል የማያውቁ ሰዎችን እኔ ብቻዬን እንኳ አውቃለሁ። አንድ ሽማግሌ ግንበኛ አሉ፤ የመድኃኒታቸውን ጠርሙስ እኔ ጋ እያመጡ «ዐይኔ ደክሞ» ይላሉ። ጉሊት የምትሸጥ ሴትዮ አለች። እማማ አሉ። አንድም እጅ አልወጣም። ግንበኛው ጣሪያውን እንደሚሠሩት ሁሉ ያዩታል። እማማ የነጠላቸውን ጥለት ይቆጥራሉ።

«አየህ?» አሉኝ ሊቀመንበሩ። «ዛሬ የማያነብ የለም። ቁጭ በል።»

ቁጭ አልኩ። ከጸሐፊው ይልቅ ያኔ የተናደድኩት በእነሱ ነበር፤ ከዚያ ግን መነፅሬ ትዝ አለኝ። እኔስ በዚያ ዕድሜዬ ማን እጄን ያስወጣኝ ነበር? «እጁን ያውጣ» ብሎ ነገር! ድንጋይ የተሸከመ ሰው ሸክሙን በአደባባይ አውርዶ እንዲያሳይ ነው የጠየቁት።

ቀን ቀን የፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ባንኮኒ ውስጥ ቆሜ በማኪያቶ ማሽን ላይ እሠራለሁ። ቤት ስገባ መስኮቱ ሥር ያለችው ጠረጴዛ ላይ የተበላሸ ነገር እከፍታለሁ። መተዳደሪያዬ አይደለም፤ ሌላው ጫት እንደሚለው እኔ ይኼን እላለሁ። የጎረቤት ቻርጀር፣ የጎረቤት ምድጃ፣ የጎረቤት ሬዲዮ። ከፊደል በፊት የማውቀው የሽቦ ቀለም ነበር። እማማ ሲገቡ «ይኼ ቤት ነው ወይስ የቆራሌ ጆንያ?» ይሉኛል።

ከዚያ ጆንያ ውስጥ ሁለት ነገር አወጣሁ። አንዷ ካሴት ማጫወቻዋ የሞተ፣ ድምፅ ማውጫዋ ግን ደህና የሆነች ሬዲዮ ናት። ሁለተኛዋ ስክሪኗ የጠፋ ባለ ቁልፍ ስልክ። እነዚያ የድሮ ስልኮች አንድ ጥሩ ጠባይ አላቸው፤ ኢርፎን ከተሰካባቸው ሲደወል ራሳቸው እንዲያነሡ ማድረግ ይቻላል። ስክሪኗ ባይታይም ቁልፎቹን በደህናው ስልኬ እያስተያየሁ ትእዛዙን በቃሌ አስገባሁላት። ከአሮጌ ኢርፎን ገመዱን ቆረጥኩ፤ ቀጫጭኖቹን ሽቦዎች ልጬ ከሬዲዮዋ ማጉያ ጋር በየድኩ። መጀመሪያ ጭራሽ ድምፅ የለም። ካቻቪቴዬን አንሥቼ እንደገና ፈታሁ፤ የኢርፎን ሽቦ በቀለም ተቀብቶ ነው የሚመጣው፣ ቀለሙን ሳላቃጥል ነበር የበየድኩት። አቃጥዬ፣ ጠርጌ ደገምኩ። ስልኳ ከቻርጀሯ እንዳትነቀል አሰርኳት፤ መብራት ሲሄድ ሬዲዮዋ በባትሪ ድንጋይ ትቀጥላለች። የስልኳን ቁጥር ሲደውሉ ሬዲዮዋ ማንም ሳይነካት ትናገራለች። ይኸው ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም።

እማማ ቤት መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኳትና ግቢው ውስጥ ወጥቼ ደወልኩ።

«እማማ፣ ይሰማል?»

ከውስጥ «አቤት!» ብለው ጮኹ። ስገባ ነጠላቸውን በራሳቸው ላይ ጥለው ሬዲዮዋ ፊት ቆመዋል።

«አነጋገርኳት፣ አትመልስም።»

«አትሰማም እማማ፤ መናገር ብቻ ነው የምትችለው።»

«እንደ ሊቀመንበሩ» አሉ።

አንድ ነገር ግን አስቸገረኝ። ስልኳ ልታነሣ ስትል ሬዲዮዋ ድርርት፣ ድርርት፣ ድርርርር ትላለች። ሬዲዮ አጠገብ ስልክ ያስቀመጠ ሰው ያውቀዋል፤ የስልኩ ሞገድ ሽቦው ውስጥ ይገባል። የቸኮሌት መጠቅለያ ብር ወረቀት ከኬክ ቤት አምጥቼ ጠቀለልኩ፣ ስልኳን አራቅሁ፣ ገመዱን አሳጠርኩ። ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። አራተኛ ጊዜ ልፈታት ስል እማማ እጄን ያዙኝ።

«ምን ሆነች?»

«ይኼ ጩኸት አያስጠላዎትም?»

«ተዋት። ጥሩንባ ነፊውም ከመናገሩ በፊት ጉሮሮውን ይጠርግ ነበር።»

ቁጥሯን ይዤ ጸሐፊው ጋ ሄድኩ። መልእክት በላከ ቁጥር አንዴ ደውሎ እንዲናገር ብቻ ነው የለመንኩት። አዎ፣ ለመንኩት። «ጋሼ፣ ለአንድ ሰው ብለን አሠራር አንቀይርም» አለኝ። የሚሰሙት ማን እንደሆኑ አልነገርኩትም፣ እሱም አልጠየቀኝም። እሺ፣ አልኩ በሆዴ፣ እኔው እነፋዋለሁ።

ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የሞቱት ኮንዶሚኒየም ከወጡት አባቶች አንዱ ናቸው። መልእክቱ ሲመጣ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ወተት እያፈላሁ። ደንበኛው «ወንድሜ፣ ማኪያቶዬ!» እያለ ትቼው ከጓዳ ገባሁና ደወልኩ። አነበብኩ። እኔ ሳነብ ቀስ እላለሁ፤ ፊደሉን አንድ በአንድ እየጨበጥኩ ነው የምሄደው። ስማቸውን ሁለት ጊዜ አልኩት፣ ቤተ ክርስቲያኑን ሁለት ጊዜ፣ ሰዓቱንም። የሰማኝ ይኑር አይኑር የማውቅበት መንገድ የለም። ጆሮ የሌላት ሬዲዮ ነች የሠራሁት።

አስፈቅጄ እየሮጥኩ ግቢ ስደርስ እማማ ለብሰው፣ መቋሚያቸውን ይዘው በር ላይ ተቀምጠዋል። ብቻቸውን አልነበሩም። ግንበኛው አሉ፣ ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው። የጉሊቷ ሴትዮ አለች። ሁለት ደግሞ ጨርሶ ያልጠረጠርኳቸው ሰዎች አሉ።

«ውሃ ልጠጣ ገብቼ ሰማሁ» አሉኝ ግንበኛው፣ ሳልጠይቃቸው።

«እኔ ምጣድ ልዋስ መጥቼ» አለች የጉሊቷ ሴትዮ። ምጣድ አልያዘችም።

በአንድ ሚኒባስ ተሳፍረን ሄድን። ቀብሩ ላይ ደረስን። እማማ የራሳቸው ያልሆነ ሬሳ ላይ፣ የጓደኛቸውን ስም እየጠሩ፣ ያን ሁሉ ወር የያዙትን አለቀሱት። ሰው ግራ ገብቶት ያያቸው ነበር። እኔ አልገባኝም ብዬ አልዋሽም።

ድንኳን ውስጥ ንፍሮው ሲዞር ጸሐፊው ተነሣ። ፊቱ በርቷል።

«እንግዲህ አያችሁ» አለ። «ያ ሁሉ ሲባል ነበር። ዛሬ ከእናቶቻችን ከአባቶቻችን አንድም የቀረ የለም። መልእክቱ ለሁሉም ይደርሳል። ጋሼ ያን ቀን በከንቱ ነው የተቆጡት።»

ሰው ወደኔ ዞረ። አፌን ከፈትኩ። ምላሴ ላይ ነበር፤ ሬዲዮዋ፣ ደወሉ፣ የተውኩት ማኪያቶ፣ ሁሉም። እማማ ከፊት ለፊቴ ነበሩ። አልተቆጡም፣ አልተለማመጡም። ዐይናቸውን ከእኔ አልነቀሉም። ከጎናቸው ግንበኛው እንደገና ጣሪያ ማየት ጀምረዋል፤ ድንኳን ጣሪያ ላይ ምን አለ? አፌን ዘጋሁ። እንዲህ ያለ መራራ ነገር ዋጥ አድርጌ አላውቅም።

ወደ ሚኒባሱ ስንሄድ ቀረብኳቸው።

«ለምን እማማ? በእኔ ልፋት እሱ ይኩራ?»

«ይኩራ።»

«ውሸት ነው እኮ!»

«አንተ ተማርክና ወጣህ» አሉኝ፣ መቋሚያቸውን እየተከሉ። «እኛ ግን እዚያው ነን። ዕድሜ ልኬን የሸፈንኩትን ድንኳን ውስጥ ልትገልጠው ነው? የኔን ልፋትስ ማን ያየዋል?»

ክንዳቸውን ደግፌ ሚኒባሱ ላይ አሳፈርኳቸው።

በወሩ ስብሰባ ጸሐፊው አዲሱ አሠራር መሳካቱን ሪፖርት አቀረበ። ተጨበጨበለት። ግንበኛው አጨበጨቡ፣ የጉሊቷ ሴትዮ አጨበጨበች፣ እማማም በሁለት ጣት አጨበጨቡ። እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ ተቀመጥኩ። ጥሩንባ ነፊ አባርሮ በጥሩንባ ነፊ ይመሰገናል! እኔ ያለ ጋቢ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ግንበኛው ሬዲዮ በብብታቸው ይዘው መጡ።

«ተበላሽታለች» አሉኝ።

ተቀብዬ ከፈትኳት። ዜና ጥርት አድርጋ ትናገራለች። ድምፁን ከፍ አደረግሁት፣ ዝቅ አደረግሁት። ምንም የላትም።

«ጋሼ፣ ትሠራለች እኮ» አልኳቸው።

«መሥራቱንስ ትሠራለች።» በሩን ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ቀነሱ። «ግን ድርርት አትልም።»

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ዝባዝንኬ በክንዴ ጠርጌ ቦታ አስለቀቅሁና መበየጃዬን ሰካሁ።