ማሲንቆ ነው ክራር?

ላሊበላ ባለችኝ ትንሽ የዕደ ጥበብ ሱቅ ማሲንቆና ክራር ጎን ለጎን ይሰቀላሉ፤ በገና ለብቻው። በገና ለጸሎት ነው፣ ሁለቱ ለዘፈን። ከዚህ ሌላ አመዳደብ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

አንድ ቅዳሜ አንዲት እናት ከብልባላ ለገበያ መጥተው ወደ ሱቄ ጎራ አሉ። ብብታቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል።

«ልጄ፣ እዚህ የሚጠግን አለ ብለውኝ ነው። የባለቤቴ ነው፤ ነፍሱን ይማረውና።»

የሚጠግነው ወንድሜ ነው፤ ከሱቁ ጓሮ እንጨት ይጠርባል። ጠራሁትና ጨርቁን ፈታን። ሣጥኑ እንደ ማሲንቆ ባለ አራት ማዕዘን ነው። ከላዩ ግን እንደ ክራር ሁለት ቋሚ እንጨቶች ወጥተው ቀንበር ተጋድሞባቸዋል። ቆዳውን አይጥ በልቶታል።

«ማሲንቆ ነው» አለ ወንድሜ።

«ቀንበር ያለው ማሲንቆ የት አይተሃል? ክራር ነው እንጂ።»

«ሣጥኑ አይታይሽም?»

ሴትዮዋ ፈገግ አሉ። ወንድሜ በተቀደደው ቆዳ በኩል እጁን ሰዶ ውስጡን ሲዳብስ ቆየና «ነይ፣ ንኪው» አለኝ። ከሣጥኑ አናት ላይ በእንጨት የተደፈነ ቀዳዳ አለ፤ ከግርጌውም ትይዩ ሌላ። ያኔ ገባኝ። የማሲንቆ አንገት አንድ ነው፤ ከአናት ገብቶ፣ ሣጥኑን አቋርጦ በግርጌ ብቅ ይላል። ክራር አንገት የለውም፤ ሁለቱ ቋሚዎች ቀንበሩን ይሸከማሉ፣ ጅማቶቹ ከቀንበሩ ይወርዳሉ። በገናም እኮ እንደዚያው ነው! ለካ በአሠራሩ የክራር ታላቅ ነው።

«እማማ፣ ይሄ ድሮ ማሲንቆ ነበር እንዴ?» አልኳቸው።

«ነበር እንጂ።»

ባለቤታቸው አንድ ክረምት ገደል ላይ አዳልጧቸው ግራ እጃቸው ተሰበረ። ወጌሻ አሽቶ አጥንቱን ቢመልሰውም ጣቶቹ አልታጠፍ አሉ።

«የማሲንቆ ጭራ አንዲት ናት፤ ጣት ካልተጫናት አንድ ድምፅ እንጂ ሌላ አታወጣም። ያችኑ ሲገዘግዝ ሲገዘግዝ፣ ‹ተው አንተ ሰው፣ ጆሮዬን አደረቅኸው› አልሁት። ተነስቶ አንገቱን ነቀለው። ተናዶ የሰበረው መስሎኝ አለቀስሁ። እሱ ለካ እንጨት ፍለጋ ሊወጣ ኖሯል።»

ክራር ላይ እያንዳንዱ ጅማት የራሱ ድምፅ አለው። ቀኝ እጅ ብቻውን ቢነካካው ዘፈን ይወጣዋል።

«ዘፈኑስ ያው ሆነ?»

«ያውማ የት ይሆናል! ማሲንቆው ያለቅስ ነበር። ይሄኛው ያወራል። ኋላ ግን ለመድሁት፤ ወሬም ደግ ነው።»

ወንድሜ ሣጥኑን አገላብጦ አየና «ቀዳዳዎቹ ደህና ናቸው፤ ወደ ማሲንቆነቱ ልመልሰው?» አላቸው።

«የለም፣ የለም! እንዲሁ ይሁን።»

በሳምንቱ ሲመለሱ አዲስ የፍየል ቆዳ ተወጥሮለት፣ ጅማቱ ታስሮ ጠበቃቸው። እሳቸው በዕድሜያቸው መትተው አያውቁም። ሆኖም ጅማቶቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉና አንዷ ላይ ቆም አሉ።

«ይችን ላላ አድርጋት። እሱ እንዲህ አያከራትም ነበር።»

ወንድሜ አላላት። እንደገና ነኳት፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙና ሳቁ። መርቀውን ወጡ። መንገድ ከጀመሩ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ሮጬ ደረስኩባቸው።

«እማማ፣ ባለቤትዎ ይሄን ዕቃ ምን ብለው ነበር የሚጠሩት?»

ቆመው አሰቡ።

«እንጃ ልጄ» አሉ። «‹አምጪው እስቲ› ነበር የሚለኝ።»